መዝገብ ቤቱ ሳይዘጋጅ የሚደርስ ሕግ

(ለአካባቢ መስተዳድር ኃላፊዎችና ሠራተኞች በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፤

የመረጃ ነፃነት ሕግ፣ ማለትም ዜጎች የመንግሥትን ሰነድ ጠይቀው እንዲያገኙ መብት የሚሰጥ ሕግ፣ በወጣ ማግስት በአንድ የአካባቢ መስተዳድር ጽሕፈት ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁት ከዚያው ልነሣ። ከበላይ አካል ሸኚ ደብዳቤ ይመጣል፤ ሕጉ በአባሪነት ተያይዟል፤ ኃላፊው በደብዳቤው ኅዳግ ላይ «ለሕዝብ ግንኙነት፤ በሕጉ መሠረት ተፈጻሚ ይሁን» ብለው ይመሩታል። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው በበኩሉ ድረ ገጽ እንዲሠራ ጥያቄ ያቀርባል። ከወራት በኋላ ድረ ገጹ ይመረቃል፤ የኃላፊው ፎቶግራፍ፣ ራእይና ተልእኮ፣ እንዲሁም የምርቃቱ ዜና ይወጣበታል። ከዚያም አንድ ቀን አንዲት ነዋሪ መጥታ «ባለፈው ዓመት በሰፈራችን የተሠራው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውል ግልባጭ ይሰጠኝ» ስትል፣ ውሉ በየትኛው ቁም ሣጥን እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። የሚያውቀው ሠራተኛ ተዛውሯል፤ ቁልፉንም ይዞት ሄዷል።

ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ሐሳብ አንድ ነው። መስተዳድሮች የመረጃ ነፃነት ሕግን ለማክበር የሚያደርጉት ዝግጅት መጀመር ያለበት ከመዝገብ ቤት ነው፤ ድረ ገጹ፣ ሥልጠናውና የመረጃ ኦፊሰሩ (የነዋሪዎችን የመረጃ ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው ሠራተኛ) ሹመት ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጡና በዚያ ላይ የሚቆሙ ናቸው። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፍሁት በመዝገብና በማኅደር አያያዝ ላይ ስለሆነ ለሙያዬ አድልቼ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ይሁን እንጂ ስለ መረጃ ክልከላ ሲነሣ ሰው ሁሉ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ሰነዱን ደብቆ የያዘ ባለሥልጣን ሲሆን፣ እኔ በየቢሮው በብዛት ያጋጠመኝ ግን ያንኑ ሰነድ ለራሱ ሥራ ፈልጎ ያጣ ባለሥልጣን ነው። የደበቀውን ባለሥልጣን ሕግ ሊያስገድደው ይችላል፤ ያልተመዘገበን ወረቀት ግን የትኛውም ቅጣት ከተደበቀበት አያወጣውም። እርግጥ ነው፣ «ፋይሉ ጠፍቷል» የሚለው ቃል ለሚደብቅም ሰው የሚመች መሸሸጊያ ነው፤ መሸሸጊያነቱ የሚያገለግለው ግን መዝገቡ የተዝረከረከ እንደሆነ ብቻ ነው።

የዚህን ነገር ሥር ለማየት ወደ መጀመሪያው ሕግ መመለስ ይጠቅማል። (በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዜጎች የመንግሥትን ሰነድ የማየት መብት በሕግ የተደነገገላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በስዊድን በ1766 በወጣው የፕሬስ ነፃነት ድንጋጌ ሲሆን፣ ለዚያ ድንጋጌ ብዙ የደከመው በዘመኑ የስዊድን ግዛት አካል ከነበረችው ከፊንላንድ የመጣው ቄስ አንደሽ ኪዴኒየስ ነው። ይህን ታሪክ በየስብሰባው ስንሰማው ኖረናል። እምብዛም የማይነገረው ግን ያ መብት እስከ ዛሬ በምን እንደሚሠራ ነው። በስዊድን ሕግ ማእከላዊ መንግሥቱም ሆነ የአካባቢ መስተዳድሩ አንድ ደብዳቤ እንደገባ ወይም አንድ ሰነድ እንደተዘጋጀ ሳይውል ሳያድር መመዝገብ፣ ወይም ቢያንስ በቀላሉ ሊገኝ በሚችል ሥርዓት ማስቀመጥ ይኖርበታል። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የገባበት ወይም የተዘጋጀበት ቀን፣ መለያ ቁጥሩ፣ ከማን እንደመጣ ወይም ለማን እንደሄደ፣ በአጭሩም ስለ ምን እንደሆነ ነው። አራት ዓምድ ያለው መዝገብ ማለት ነው፤ በየመዝገብ ቤታችን ከምናውቀው የገቢና ወጪ ደብዳቤ መዝገብ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ሲሆን፣ እሱም መዝገቡ ራሱ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ነው።

ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራውን ሁሉ ይለውጠዋል። መዝገቡ ለማንም የማይታይ ከሆነ ጠያቂው የሚፈልገውን ሰነድ መኖሩን ሳያውቅ በግምት መጠየቅ ይኖርበታል፤ በግምት ሲጠይቅም ጥያቄው ሰፊና ግልጽ ያልሆነ ይሆናል፤ ባለሙያውም «ጥያቄዎ ግልጽ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። መዝገቡ ሲከፈት ግን ሰውየው ቁጥሩን ይጠራል፤ ጠባቂው ፋይሉን ይስባል፤ ነገሩ አለቀ። ምስጢር ያለባቸው ሰነዶችም በመርሕ ደረጃ ከምዝገባው አያመልጡም፤ ይዘታቸው ይሸፈናል እንጂ መኖራቸው አይካድም።

በኋላ የመጡትም ሕጎች ይህን አልዘነጉትም። በሕንድ በ2005 የወጣው የመረጃ መብት ሕግ የመንግሥት አካላትን ግዴታ በሚዘረዝርበት በ4ኛው አንቀጽ ገና በመጀመሪያው ንኡስ አንቀጽ የሚያዘው መዝገቦች በዝርዝርና በማውጫ እንዲደራጁ ነው፤ ምን ምን በራስ ተነሣሽነት ለሕዝብ ይውጣ የሚለው ረጅም ዝርዝር የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። የብሪታንያው የ2000 ሕግም በ46ኛው አንቀጹ ስለ መዝገብ አያያዝ የአሠራር ደንብ እንዲወጣ አዝዟል። የሕግ አርቃቂዎቹ ቅደም ተከተሉን ያውቁት ነበር ማለት ነው፤ እኛ አስፈጻሚዎቹ ነን ከኋላ ወደ ፊት የምናነበው።

እስቲ ያችን የቦዩን ውል የጠየቀችውን ነዋሪ እንከተላት። ማመልከቻዋን በእጇ ጽፋ ይዛ ትመጣለች። በበሩ ላይ ያለው ጥበቃ «ጉዳይዎ ምንድን ነው?» ይላታል፤ ከውስጥ ደግሞ ጸሐፊዋ «ለምን ፈለጉት?» ትላታለች። እዚህ ላይ ገና በጠዋቱ ሕግ ተጥሷል፤ ምክንያቱም በብዙ አገሮች ጠያቂው መረጃውን ለምን እንደሚፈልገው እንዲያስረዳ አይገደድም፤ የሕንዱ ሕግ በ6ኛው አንቀጹ ይህን በግልጽ ከልክሏል። ጸሐፊዋ ክፋት የላትም፤ በሥራ ዘመኗ ሁሉ የሠለጠነችው ባለጉዳይን በጉዳዩ ለይታ ወደሚመለከተው ክፍል እንድትመራ ነው። ስለዚህ ሥልጠና ስናስብ ከመረጃ ኦፊሰሩ በፊት ጥበቃውንና ጸሐፊዋን ማሠልጠን ይቀድማል። ይህን ስል ብዙ ኃላፊዎች ፈገግ ይላሉ፤ ሆኖም ሕጉን ለነዋሪው መጀመሪያ የሚያነቡለት እነሱ ናቸው።

ማመልከቻው ተቀባይነት አገኘ እንበል። የገባበት ቀን ማኅተም ይመታበታል ወይስ አይመታበትም? ካልተመታበት የጊዜ ገደቡ መቼ እንደጀመረ ማንም አያውቅም። በሕንድ 30 ቀን፣ የሰው ሕይወት ወይም ነፃነት የሚመለከት ከሆነ ደግሞ 48 ሰዓት ነው፤ በብሪታንያ 20 የሥራ ቀን ነው፤ በብራዚል 20 ቀን ሆኖ በምክንያት 10 ቀን ሊጨመርበት ይችላል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ቀኑ ያለ መልስ ካለፈ እንደ ክልከላ ስለሚቆጠር ዝምታ ራሱ ውሳኔ ይሆናል። ቀኑ የሚቆጠረው ማመልከቻው መስተዳድሩ ዘንድ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ሲሆን፣ በእኛ ቢሮዎች ግን ኃላፊው ስብሰባ ላይ እያሉ ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ውሉን እንፈልግ። የጨረታው ሰነድ ግዥ ክፍል ነው። የተፈረመው ውል አንዱ ቅጂ ሕግ ክፍል፣ ሌላው ፋይናንስ ነው። የክፍያ ሰነዶቹ ከሌሎች ብዙ ክፍያዎች ጋር በወር በወሩ ታስረው ተቀምጠዋል፤ በፕሮጀክት አልተለዩም። የርክክቡ ቃለ ጉባኤ መሐንዲሱ ዘንድ ነው። ሥራው ሲጓተት የተደረገው የውል ማሻሻያ ደግሞ በማን ላፕቶፕ ውስጥ እንዳለ አይታወቅም፤ ምናልባት በስልክ መልእክት ከተቋራጩ ጋር የተላላኩት ነው። አንድ ቦይ፣ አምስት ቦታ። እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስር አንድ የማኅደር ቁጥር ከመጀመሪያው ቢሰጥና እያንዳንዱ ክፍል ያንን ቁጥር በሚጽፈው ወረቀት ሁሉ ላይ ቢያሰፍር ኖሮ ጥያቄው የግማሽ ቀን ሥራ በሆነ ነበር። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ጨረታ የማያስፈልገው፣ ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ዝግጅት ቢባል ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ከዚሁ ጋር አንድ የሕግ ነጥብ አለ። በብሪታንያ አንድ የአካባቢ ምክር ቤት የተጠየቀውን መረጃ ለመፈለግና ለማውጣት ከ18 ሰዓት በላይ ሥራ የሚጠይቀው ከሆነ ጥያቄውን ላለመቀበል ይችላል። ድንጋጌው በራሱ ምክንያታዊ ነው፤ አንድ ሰው መላውን ቢሮ ለወራት በሥራ እንዳያስጠምድ ይከላከላል። ግን አስቡት፤ ሥርዓት ባለው መዝገብ ቤት በሁለት ሰዓት የሚገኝ ሰነድ በተዝረከረከው ቢሮ 20 ሰዓት ይፈጃል፤ እንግዲህ የመዝገብ አያያዙን ያበላሸው መስተዳድር በብልሽቱ ሰበብ ከግዴታው ይድናል፣ የሥርዓት አልባነቱን ዋጋ የሚከፍለው ጠያቂው ይሆናል ማለት ነው። የራሳችሁን ደንብ በምታወጡበት ጊዜ ይህን ዓይነት ገደብ ካስገባችሁ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው መዝገቡ በሥርዓት ቢያዝ ኖሮ ይወስድ በነበረው ልክ እንዲሆን አድርጉ።

ስለ ድሮው ክምር ልናገር። ብዙ መስተዳድሮች ዝግጅት ሲባል መጀመሪያ የሚያስቡት ያለውን ወረቀት ሁሉ ስካን ማድረግ ነው። በአንድ ወቅት እንዲህ ባለ ሥራ በአማካሪነት ተሳትፌ ነበር። ጊዜያዊ ሠራተኞች ተቀጠሩ፤ ማሽኖች ተገዙ፤ ከመጋዘን የወጣው ወረቀት አቧራው እየተራገፈ ቀን ከሌት ስካን ተደረገ። ሲያልቅ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተገኙት ፋይሎች «ስካን 0001»፣ «ስካን 0002» እየተባሉ እስከ ብዙ ሺሕ የሚቀጥሉ ነበሩ። በወረቀቱ ዘመን ቢያንስ አሮጌው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የፎልደሩን ቀለምና የመደርደሪያውን ጥግ አይቶ ይለየው ነበር፤ አሁን እሱም አልቻለም። ስህተቱ የኔም ነበር፤ ማውጫው በቅድሚያ እንዲዘጋጅ መጠየቅ ሲገባኝ ማሽኖቹ ከቆሙ የኪራይ ጊዜያቸው ያልፋል ሲባል ዝም አልሁ።

ስለዚህ ምክሬ የተገላቢጦሽ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣውን ወረቀት በአዲሱ ሥርዓት ያዙ፤ ድሮ የነበረውን ደግሞ ጥያቄ በመጣበት ቁጥር፣ የተጠየቀውን ማኅደር ብቻ እያወጣችሁ አስተካክሉ። ሰው የሚጠይቀው በአብዛኛው የቅርቡን ዓመት ነገር ነው፦ መሬት፣ ግንባታ፣ ግዥ፣ ቅጥር፣ የምክር ቤት ውሳኔ። ከ30 ዓመት በፊት የነበረ የቢሮ ዕቃ መረካከቢያ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ እንኳ አንድ ቀን ተፈልጎ ቢሰጠው ሰማይ አይደፋም። ደግሞም የሚወገደውን ወረቀት በሕጉ መሠረት በጊዜው ማስወገድ የዝግጅቱ አካል ነው፤ ሁሉን አከማችቶ የያዘ መዝገብ ቤት ምንም ከሌለው ብዙ አይለይም። ጥያቄ ከቀረበ በኋላ ግን የሚወገድ ነገር የለም። ይህን መስመር አንድ ጊዜ የጣሰ መስተዳድር ከዚያ በኋላ «አላገኘነውም» ቢል የሚያምነው የለም።

ወደ ኃላፊነቱ ልለፍ። በየቦታው የመረጃ ኦፊሰር ሆኖ የሚመደበው አዲስ የተቀጠረ ወጣት ባለሙያ ነው። ማንበብና መጻፍ ይወዳል፤ ኮምፒውተር ያውቃል፤ ነገር ግን የፋይናንስ ኃላፊውን «ሰነዱን ስጠኝ» ብሎ ሊያዝ አይችልም። በደቡብ አፍሪካ የ2000 ሕግ የአንድ ማዘጋጃ ቤት የመረጃ ኦፊሰር የሚሆነው ራሱ ዋና ሥራ አስኪያጁ ነው፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ በምክትሎች ያሠራል፤ ተጠያቂነቱ ግን ከጠረጴዛው አይወርድም። ሕንዶች ሌላ ዘዴ አላቸው። የመረጃ ኦፊሰሩ ከሌላ ሠራተኛ እገዛ ከጠየቀ፣ ያ የተጠየቀው ሠራተኛ ለሕጉ አፈጻጸም እንደ መረጃ ኦፊሰር ይቆጠራል። ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ ደግሞ በቀን 250 ሩፒ፣ እስከ 25,000 ሩፒ ድረስ ከራሱ ኪስ ይቀጣል። በዚህ አሠራር ወጣቱ ኦፊሰር ወደ ፋይናንስ ክፍል የላከው የማስታወሻ ወረቀት ቀን ካለበት፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ የዘገየው ማን እንደሆነ በወረቀት ተጽፎ ይገኛል። በሁለቱ መካከል መምረጥ ካለብኝ እኔ የሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከላይ ያለውን ኃላፊ ተጠያቂ ማድረግ ለንግግር ያምራል፣ ሥራው የሚጓተተው ግን በመካከለኛው እርከን ነው። የሁለተኛው ዘዴ ጉድለቱ ደግሞ ማስታወሻው በቃል ወይም በስልክ ከሆነ ምንም አለማገልገሉ ነው፤ ተመልሰን ወደ መዝገቡ ነው የመጣነው። ደግሞም ኦፊሰሩ ለዓመት ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲታመም ቀኑ መቆጠሩን ስለማያቆም ተተኪው በስም ተጽፎ ይታወቅ፤ የጥያቄዎቹም መዝገብ በግል ኢሜይሉ ውስጥ አይሁን።

በራስ ተነሣሽነት ስለሚወጣው መረጃ ሲነሣ ብዙ መስተዳድር ጠቅላላ በጀቱን አውጥቶ ይረካል። ለዚህ የምጠቅሰው የራጃስታንን ገጠሮች ነው። በሕንድ ራጃስታን ግዛት በ1990 የተመሠረተው ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን የተባለ የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር ከታኅሣሥ 1994 ጀምሮ በየመንደሩ የሕዝብ መስሚያ መድረክ ያዘጋጅ ነበር። መድረኩ ላይ ንግግር አልነበረም፤ የሚነበበው በመንደሩ በተሠራው የመንገድ ወይም የግድብ ሥራ ላይ ስንት ቀን ማን ሠርቶ ስንት እንደተከፈለው የሚያሳየው የቀን ሠራተኞች መቆጣጠሪያ፣ እንዲሁም የዕቃ ግዥ ደረሰኞቹ ነበሩ። ስም ሲጠራ ያ ሰው እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ «እኔ በዚያ ሥራ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልዋልኩም» ይላል። ተሠራ ተብሎ ገንዘብ የወጣበት ነገር ደግሞ መሠራት አለመሠራቱን የመንደሩ ሰው ከማንም ኦዲተር በላይ ያውቀዋል። በ1996 በበያዋር ከተማ ለ40 ቀን የዘለቀ የአደባባይ ተቃውሞ የተደረገውም የእነዚህን ወረቀቶች ግልባጭ የማግኘት መብት በሕግ ይሰጠን በማለት ነበር፤ የ2005ቱ አገር አቀፍ ሕግ ከሥሩ ሲፈተሽ ከዚህ እንቅስቃሴ ላይ ይደርሳል።

ከዚህ የምወስደው ነገር የመረጃው መጠነ ዝርዝር ነው። «ለመሠረተ ልማት ይህን ያህል ወጣ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። የትኛው መንገድ፣ ከየት እስከ የት፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ማን አቀረበው፣ መቼ ተከፈለ ሲባል ግን አጠገቡ የሚኖረው ሰው ይቆጥረዋል። የአካባቢ መስተዳድር ከማእከላዊ መንግሥት የሚለየውም በዚህ ነው፤ አንባቢው ሥራው ካለበት ቦታ በእግሩ የሚደርስ ሰው ነው። ስለዚህም ማስታወቂያ ሰሌዳው አልተሻረም። ድረ ገጹን የማያይ ነዋሪ በሰሌዳው ላይ በትላልቅ ፊደላት የተለጠፈ ባለ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ያነባል፤ ማንበብ የማይችለውም ሲነበብለት ይሰማል። በድረ ገጽ ለሚወጣው ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፤ በኤክሴል የተዘጋጀውን የክፍያ ሠንጠረዥ አትማችሁ፣ ማኅተም አድርጋችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ በፒዲኤፍ አትጫኑት። መፈለግም መደመርም አይቻልም። ማኅተሙ የሚያስፈልገው ወገን ካለ ለብቻው ይጠይቅ።

ነገር ግን ኤክሴሉን እንዳለ መስጠትም የራሱ አደጋ አለው። በነሐሴ 2023 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ለአንድ የመረጃ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ በላከው የኤክሴል ፋይል ውስጥ ተደብቆ የነበረ ገጽ ሳይሰረዝ በመቅረቱ ከ9,400 በላይ የሆኑ ባልደረቦቹ ስምና የሥራ መረጃ በይፋ ድረ ገጽ ላይ ለሰዓታት ተነቧል፤ በዚያ አገር የፖሊስ አባል መሆን ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ በመሆኑ ጉዳዩ የወረቀት ስህተት ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም፤ ተቋሙ በኋላ 750,000 ፓውንድ ተቀጥቶበታል። የተደበቀ ዓምድ የተሰረዘ ዓምድ አይደለም። በፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሣጥን መሳልም ስሙን አያጠፋውም፤ ጽሑፉ ከሥሩ ተገልብጦ ይወጣል። የሚወጣውን ፋይል ከላኪው ሌላ አንድ ሰው ከፍቶ ሳያየው አይላክ።

የግል መረጃ ጥበቃን ስላነሣሁ፣ በተግባር ከሚገጥሙ ክልከላዎች ብዙዎቹ አላስፈላጊ መሆናቸውንም ልበል። በውሉ ውስጥ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ስላለ መላው ውል አይከለከልም፤ ስልኩ ይሸፈናል፣ የቀረው ይሰጣል። በአብዛኞቹ ሕጎች የሚከለከለውን ከሚፈቀደው ለይቶ የሚፈቀደውን መስጠት ግዴታ ነው። «ምስጢር» የሚል ማኅተም ያለበት ሰነድም በማኅተሙ ብቻ ምስጢር አይሆንም፤ ከሕጉ የትኛው አንቀጽ እንደሚከለክለውና መስጠቱ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል መጻፍ አለበት። ይህን የሚጽፈው ባለሙያ ምክንያቱን አስቦ ሲያጣው አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱን ይሰጠዋል፤ የክልከላ ደብዳቤ ቅጹ ውስጥ ለምክንያት የሚሆን ሰፊ ቦታ እንዲተው የምመክረው ለዚህ ነው። ይግባኝ ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚባልም በዚያው ደብዳቤ ይገለጽ።

አነስተኛ መስተዳድሮች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ «እኛ አምስት ሠራተኛ ነን፤ ይህን ሁሉ በምን አቅማችን?» የሚል ነው። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ሕጎችም ሰምተውታል። የብራዚል የ2011 ሕግ እስከ 10,000 ነዋሪ ያላቸውን ማዘጋጃ ቤቶች መረጃ በኢንተርኔት የማውጣት ግዴታን ቢያነሣላቸውም የበጀትና የገንዘብ አፈጻጸማቸውን ከማውጣት፣ ለጥያቄም መልስ ከመስጠት ነፃ አላደረጋቸውም። በሜክሲኮ የ2015ቱ ጠቅላላ ሕግ ከ70,000 ነዋሪ በታች የነበሩ ማዘጋጃ ቤቶች የግዛቱ የመረጃ ተቋም እነሱን ተክቶ መረጃቸውን እንዲያወጣላቸው መጠየቅ ይችሉ ነበር። ስፔን ደግሞ በታኅሣሥ 2013 ሕጉን ስታወጣ ከ8,000 በላይ ለሆኑት ማዘጋጃ ቤቶቿ እስከ ታኅሣሥ 2015 የሁለት ዓመት መዘጋጃ ጊዜ ሰጠች፤ አብዛኞቹ ከ5,000 ያነሰ ሕዝብ ያላቸው ስለሆኑ የአውራጃ ምክር ቤቶች በቴክኒክ እንዲያግዟቸው ሆነ። ከሦስቱ የብራዚሉ ይበልጥ ልክ ይመስለኛል፤ አቅም የሚጠይቀውን መንገድ ያቃልላል እንጂ ግዴታውን አይነካም። ሌላ ተቋም መረጃን በውክልና ሲያወጣ ግን መስተዳድሩ የራሱን ሰነድ በእንግድነት ማየት ይጀምራል ብዬ እሰጋለሁ።

ስለ መዘጋጃው ጊዜም ቢሆን ርዝመቱ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ሕንድ ሕጉ በሰኔ 2005 ከጸደቀ በኋላ 120 ቀን ብቻ ሰጥታ በጥቅምት ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ አዋለችው፤ ብሪታንያ ደግሞ የ2000ውን ሕግ ጥያቄ የመቀበሉን ግዴታ እስከ ጥር 2005 አቆየችው። አራት ዓመት ሲሰጥ ሦስቱ በዝምታ እንደሚያልፉ በቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ይልቅ የተሰጣችሁ ጊዜ ስድስት ወር ከሆነ በመጀመሪያው ወር የማኅደር ቁጥሩን አውጡ፣ የጥያቄ መቀበያ መዝገቡን ክፈቱ፣ ጸሐፊዋንና ጥበቃውን አሠልጥኑ፤ ድረ ገጹ ከአራተኛው ወር በኋላ ይድረስ።

ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊትም አንድ ሙከራ አድርጉ። አንድ ውል፣ አንድ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤና አንድ የክፍያ ሰነድ ምረጡና በቢሮው የማይታወቅ ሰው እንደ ማንኛውም ነዋሪ በማመልከቻ እንዲጠይቅ አድርጉ፤ ለኃላፊዎቹ ብቻ ይነገር፤ መዝገብ ቤቱና የመረጃ ኦፊሰሩ አይወቁ። ማመልከቻው በበሩ ካለፈበት ሰዓት ጀምሮ በማን ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደተኛ ጻፉ። ጠያቂው «ለምን ፈለጉት?» ተብሎ እንደሆነም ጠይቁት። ከሦስቱ አንዱ ካልተገኘ ወይም ከተገኘ በኋላ ለመስጠት ፊርማ የጠፋ እንደሆነ፣ የት ላይ እንደቆመ ታውቃላችሁና ያንን ቦታ አስተካክላችሁ በሌላ ሦስት ሰነድ ሙከራውን ድገሙት። በመጀመሪያው ሙከራ ሦስቱም በቀናቸው ከተገኙ ደግሞ ሰነዶቹን የመረጠው ሰው ማን እንደሆነ አጣሩ፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሆኖ እንዳይገኝ።